ፒንሳ ነው ጉጠት? ስለ መንጠቆ ማውጫ አጠራር

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እሸጣለሁ። በቅርቡ ረጅም ፒንሳ አስመጣሁ። ዓሣው መንጠቆውን ጠልቆ ሲውጠው ከጉሮሮው ለማውጣት የሚያገለግል ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው እንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ በስልኬ አስተርጉሜ ወረቀት ለጠፍኩበት። «ዘላቂ ረጅም ደራሽ የመርፌ አፍንጫ የዓሣ መንጠቆ ማስወገጃ ጉጠት» ይላል። ደንበኞቼ እያነበቡ ይስቃሉ። አንድ መምህር ግን «ፒንሳ የጣሊያን ቃል ነው፤ ጉጠት ማለትህ ደግ አደረግህ» አለኝ። የቱ ይቅር፣ የቱ ይቆይ?

መልስ፦ ደንበኞችዎን አይቀየሟቸው፤ እኔም ስቄአለሁ። ቃላቱ አንድም ሳይቀር አማርኛ ናቸው። እንዲህ ደርድሮ የሚናገራቸው ሰው ግን የለም።

ከመምህሩ ልጀምር። ፒንሳ ከጣሊያንኛ መምጣቱ እውነት ነው። ካቻቪቴም፣ ብሎንም፣ ዳዶም፣ ሞርሳም የመጡት ከዚያው ነው። እነዚህን ሁሉ ከጋራዥ እናስወጣ ብንል መካኒኩ ረዳቱን ምን ብሎ ዕቃ አቀብለኝ ሊለው ነው? ፒንሳዬ፣ ፒንሳዎቹ፣ በፒንሳው እያልን በራሳችን ሰዋስው ካረባነው ቆይቷል። ለእኔ አማርኛ ነው።

ጉጠትም ጥሩ ቃል ነው፤ ቦታው ግን እሳት ዳር ነው። ከወናፍ፣ ከመስፍና ከመዶሻ ጋር የሚውል የቀጥቃጭ ዕቃ ነው። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ከሱራፌል አንዱ ፍሙን ከመሠዊያው ላይ የሚያነሣው በጉጠት ነው። የጉጠት እጀታ የሚረዝመው የያዘውን ሰው እጅ ከእሳት ለማራቅ ነው። የእርስዎ ዕቃ ደግሞ ዋናው ርዝመቱ አፉ ላይ ነው፤ ዓሣው አፍ ውስጥ ዘልቆ እንዲገባ። ስለዚህ በሥራውም በቅርጹም ፒንሳ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ወረንጦ ያልነው እንደሆነስ የሚልም አይጠፋም። ወረንጦ እሾህ የምንነቅስበት ትንሽ ዕቃ ነው። በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ይገጥማል፤ ሲለቁት በራሱ ይከፈታል። መሐሉ ላይ በብሎን ተያይዞ እንደ መቀስ የሚሠራውን ወረንጦ አንለውም።

«ረጅም ደራሽ» ይቅር። ደራሽ በአማርኛ በጭንቅ ጊዜ የሚመጣ ሰው ነው፤ አለዚያም ደራሽ ጎርፍ ነው። ፒንሳ አይደርስም፣ ይገባል እንጂ። «ረጅም እጅ ያለው» ብለው ለማስተካከል እንዳይሞክሩ ደግሞ፤ እጀ ረጅም ሌባ ነው። «የመርፌ አፍንጫ»ም ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተቀዳ ነው። አማርኛ ለመሣሪያ የሚሰጠው አፍ ነው። የጠመንጃው አፈ ሙዝ አለ፣ የጠርሙስ አፍ አለ፣ የቢላዋ ስለትም አፍ ይባላል። አንገተ ረጅም እንደምንል አፈ ረጅም ብንል ቋንቋው በደንብ ይፈቅዳል። ለሰው ቢሆን ስድብ ሊመስል ይችላል። ለፒንሳ ሙያው ነው።

አሁን ወደ «ማስወገጃ» እንምጣ። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ከግሥ የመሣሪያ ስም ስናወጣ አማርኛ ደስ የሚል ሥርዓት አለው። ምላስ ጥርስ አካባቢ ደርሳ የምታወጣቸው ድምፆች መጨረሻ ላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ወደ ላንቃ ይሸሻሉ። መክፈት መክፈቻ ይሆናል፣ መያዝ መያዣ፣ መቁረጥ መቁረጫ። «ለ» ጭራሽ ትጠፋና መንቀል መንቀያ ይሆናል። «ቀ»ን የመሰሉት ከጉሮሮ በኩል የሚመጡ ድምፆች ግን ንቅንቅ አይሉም፤ ማላቀቅ ማላቀቂያ ይሆናል። ስለዚህ ማስወገድ ማስወገጃ መሆኑ በሰዋስው ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ የግሡ ምርጫ ላይ ነው። የምናስወግደው የማንፈልገውን ነው፤ ቆሻሻ እናስወግዳለን። «መንጠቆ ማስወገጃ» ሲባል እኔ የሚታየኝ አሮጌ መንጠቆ የሚጣልበት ቆርቆሮ ነው። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ መንጠቆውን መልሶ ሊጠቀምበት ነው የሚያወጣው።

መንቀያስ? ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል። እኔ አልወደውም፤ ምክንያቴም ከመንጠቆው ቅርጽ የመጣ ነው። መንጠቆ ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ሹል ነገር አለችው። ዓሣው እንዳያመልጥ የምትይዘው እሷ ናት። ዝም ብለው ወደ ራስዎ ቢጎትቱት ሥጋ ይዞ ይወጣል። የሚያውቅበት ሰው መንጠቆውን ከታጠፈበት ላይ በፒንሳ ይይዝና መጀመሪያ በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ገፋ ያደርገዋል። ሹሏ ስትለቅ ነው የሚያወጣው። መንቀል ግን እንደ ጥርስ፣ እንደ ችግኝ፣ ከሥር ጎትቶ ማንሣት ነው። የእጁን እንቅስቃሴ በትክክል የሚናገረው ማላቀቅ ነው። በተለይ አምባዛን የመሰለ ሰፊ አፍ ያለው ዓሣ ጠልቆ ሲውጥ ሥራው ሁሉ ማላቀቅ ነው።

እንዲያም ሆኖ ወረቀቱ ላይ «ማውጫ» ብለው ቢጽፉ እመርጣለሁ። አጭር ነው፣ ገዢውም ሲናገር የሚለው ይህንኑ ነው። ማውጫ ሲባል የመጽሐፍ ማውጫ ትዝ የሚለው ሰው ቢኖር እንኳ ከመንጠቆ ቀጥሎ ሲያገኘው አይሳሳትም።

«የመንጠቆ ማውጫ» ልበል ወይስ «መንጠቆ ማውጫ»? «የ»ን መተው ይችላሉ። መንጠቆው የግሡ ተሳቢ ነው፤ የሚወጣው እሱ ነው። ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ጥርስ መፋቂያ፣ ሽንኩርት መክተፊያ እንደምንለው ነው። የጥርስ ብሩሽ «የ» የሚፈልገው ብሩሽ ከግሥ የወጣ ስም ስላልሆነ ነው። የቅጽሉንም ቦታ ይጠብቁ። «ረጅም መንጠቆ ማውጫ ፒንሳ» ካሉ የሚረዝመው መንጠቆው ይመስላል። ቅጽሉ ፒንሳው አጠገብ ይቁም።

«ዘላቂ»ን ሰርዙት። ዘላቂ ሰላም አለ፣ ዘላቂ ልማት አለ። ዘላቂ ፒንሳ የመንግሥት ዕቅድ ይመስላል። ለዕቃ ያለን ቃል ጠንካራ ነው፤ ከዚያም የተሻለው የሚበረክት ነው። ጫማም፣ ድስትም፣ ሳሙናም ይበረክታል ወይ ተብሎ ነው የሚጠየቀው። የሚያበረክተው ነገር ምን እንደሆነ ቢጽፉ ደግሞ ከቅጽሉ ይልቅ ያሳምናል። አፉ ሲገጥም ክፍተት የለውም፣ መገጣጠሚያው አይወላውልም፣ እጀታው እርጥብ እጅ ላይ አያንሸራትትም። ብረቱን «የማይዝግ» ማለት የተለመደ ነው፤ ስህተትም አይባልም። ግን ውሃ ውስጥ ውሎ ሳይደርቅ የሚቀመጥ የማይዝግ ብረትም ነጠብጣብ ሊያወጣ ይችላል። እኔ ብሆን «ዝገት የሚቋቋም» እላለሁ። ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ ሲያፋጥጥዎት ይጠቅምዎታል።

ርዝመቱንም ረጅም ብለው ብቻ አይተዉት፤ ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ። ለምሳሌ 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወረቀቱ እንዲህ ይሁን፦ «መንጠቆ ማውጫ አፈ ረጅም ፒንሳ፤ 28 ሳ.ሜ.፤ የሚበረክት፣ ዝገት የሚቋቋም»። ዓሣ የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ፤ ሱቅዎ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ነው። ልጻፈው ካሉ በዐይኑ «ዓ» እና በንጉሡ «ሣ» ነው የሚጻፈው፤ «አሳ» ብለው ቢለጥፉም ግን ገዢ አይቀርብዎትም።