ወደ ጎንደር ገጠር መጽሐፍ ይዤ ልሂድ ላልሽው

እኅቴ፣ ክረምቱን ጎንደር ገጠር ገብተሽ አንድ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍቱን በነጻ ማገልገል እንደምትፈልጊ ጽፈሻል፤ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይዘሽ እንደምትሄጂና የት እንደምታድሪም ጠይቀሻል። እኔ ጎንደር ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የደጋ ቀበሌ ትምህርት ቤት ለዓመታት እየተመላለስኩ አገልግያለሁ። የምነግርሽ እዚያ ካየሁት ነው።

በመጀመሪያ ክረምቱን ተዪው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። መምህራኑ ወደየቤተሰባቸው ይበተናሉ፤ ልጆቹ ከብት ይጠብቃሉ ወይም አረም ላይ ይውላሉ። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ስለሆነ አያስቸግርም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዝናብ ሲጠና አይሱዙ እንኳ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ያድራል። የክረምት በጎ ፈቃድ የከተማ ነገር ነው። ለገጠር ጥቅምት ይሻላል፣ ካልሆነም የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ካለፈ በኋላ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሆነ ብዙ ወንበር ባዶ ታያለሽ። ይህን አይተሽ ወላጆቹ ለትምህርት ደንታ የላቸውም እንዳትዪ፤ ገብሱ ውርጭ ሳይመታው መግባት አለበት፣ እጅ ደግሞ ያለው ቤተሰቡ ዘንድ ብቻ ነው።

ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤቱ ክፍት መሆኑንና መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው ሳታረጋግጪ ቲኬት አትቁረጪ። ስታረጋግጪም ባለሥልጣን ብቻ ሳይሆን በዚያ መስመር በየሳምንቱ የሚመላለስ ሾፌር ጠይቂ።

አሁን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ። በዚያ አካባቢ ባየኋቸው ትምህርት ቤቶች ትልቁ ችግር የመጽሐፍ እጥረት አይደለም ብልሽ ትገረሚ ይሆናል። ችግሩ ቁልፍ ነው። መጽሐፍ በመዝገብ ርክክብ የተደረገበት ንብረት ነው፤ ከጠፋ የሚጠየቀው የተረከበው መምህር ነው፣ ከደመወዜ ይቆረጥብኛል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ይቆልፈዋል። እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን እቆልፈው ነበር። ደመወዝ ለመውሰድ ወይም ለስብሰባ ወደ ወረዳ ከተማ የወረደ ቀን ደግሞ ቁልፉም አብሮት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን የሚያገላብጠው አይጥ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ሦስት ካርቶን ተሸክመሽ ብትሄጂ በዚያው ክፍል የሚቆለፍ ሦስት ካርቶን ጨመርሽ ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራሽ ማስተማርም መደርደሪያ ማሠራትም አይደለም። ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጋር ተቀምጠሽ አንድ ነገር በቃለ ጉባኤ ማስያዝ ነው፦ በስጦታ የመጡ መጻሕፍት ከመማሪያ መጻሕፍቱ ተለይተው ለብቻቸው ይመዝገቡ፤ በአገልግሎት ላይ ያረጀና የጠፋ መጽሐፍ በዓመቱ መጨረሻ በኅብረቱ ፊርማ ይሰረዝ፤ ኃላፊው መምህር ከኪሱ አይጠየቅ። እኛ ዘንድ ይህ ወረቀት ሲፈረም መምህሩ ራሱ ነው በሩን ከፍቶ የተወው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ንባብ ጥቅም ብዙ ተናግረንለት ነበር፤ ምንም አልፈየደም። የፈራው ዕዳ እንጂ ንባብን የጠላ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛው ቁልፍ ለሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ይሰጥ። ልጆቹ ከትልልቆቹ ይልቅ ጥብቅ ናቸው። ስም፣ ክፍል፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን ብለው ደብተር ያሰምራሉ፤ መጽሐፍ ያልመለሰን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደው እናቱ ፊት ያቆሙታል። ከተመራጮቹ መካከል ሴቶች መኖራቸውን ግን አንቺው አረጋግጪ። ሰዓቱንም እነርሱ ይወስኑ። ከትምህርት በኋላ ይከፈት ከተባለ ወንዶቹ ብቻ ይመጣሉ፤ ሴቶቹ ውኃ መቅዳትና ወጥ መሥራት ይጠብቃቸዋል። በእረፍት ሰዓትና በጠዋትና በከሰዓት ፈረቃ መካከል ሲከፈት ነው እነርሱንም የምታገኚያቸው። ከሁሉም በላይ መጽሐፉ ቤት ይውሰዱት። ያን ጊዜ ነው አባት በኩራዝ ልጁን ሲያስነብብ የሚያመሸው።

ምን ይዤ ልሂድ ላልሽው፣ ከኮሌጅ የተረፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አትጫኚ። የእኛም ክፍል እንዲህ ባለ ስጦታ ተሞልቶ ነበር፤ የሒሳብ አያያዝ መማሪያ ለሦስተኛ ክፍል እረኛ ምን ያደርግለታል? የሚነበበው በአማርኛ የተጻፈ ተረት፣ ትልልቅ ፊደልና ሥዕል ያለው የልጆች መጽሐፍ፣ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ አትላስና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የቆዩ ጥያቄዎች ናቸው። የፈተና ጥያቄዎቹ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሻማሉ። አንድ ርዕስ በብዙ ቅጂ መያዝም ይጠቅማል፤ ልጆች ጓደኛቸው ያነበበውን ነው የሚፈልጉት። ካርቶን በዝናብ ይፈርሳል፣ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቺው፤ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ጭነቱ በበቅሎ ወይም በአህያ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ አህያ የምትጎትተው ቤተ መጻሕፍት ሲያቋቁም ሰው ሁሉ ተደንቆ ነበር፤ የሰሜን ሰው ግን አህያ መጽሐፍ ስትጭን ቢያይ ብዙም አይደነቅም። መጽሐፍ ለጎንደር እንግዳ ነገርም አይደለም፤ ፋሲል ግቢ ውስጥ ከ1600ዎቹ ጀምሮ የቆመ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። የጎደለው ከግቢው እስከ ገደሉ ጫፍ የሚያደርሰው ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉትን ልጆች ፈልጊያቸው። ያለ ማጋነን ግማሽ ሥራሽን ይሠሩልሻል። ከእኛ ዘንድ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ የተረት መጽሐፍ ሲሰጠው ከጣሪያው ክዳን አንዲት ሣር መዘዘና ፊደሉን በእርስዋ እየጠቆመ፣ የቀበሮዋንና የዝንጀሮዋን ጨዋታ ልክ እንደ ዳዊት በዜማ ያወርደው ጀመር። መምህርቷ ልታቆመው ነበር። ትንሽ ትተወው ብዬ ለመንኳት። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ከበቡት፣ ከዚያ እነርሱም ሣር መዘዙ። ዜማው ከጊዜ በኋላ ራሱ ይለቃል፤ ፊደል ሳይዘሉ ማንበብ ግን ይቀራል። ከከተማ የመጣ አሠልጣኝ ይህን ዘዴ ኋላቀር ሲለው ሰምቼ አልተስማማሁም፣ ዛሬም አልስማማም።

ክፍል ገብተሽ ማስተማር ብዙም አልመክርሽም። መምህሩን ከሰሌዳው አስነሥተሽ አንቺ ስትቆሚ ተማሪው የሚያየው ከከተማ የመጣችው ትበልጣለች የሚለውን ነው፤ አንቺ ሄደሽ እርሱ ይቀራል። ከፈለገ አብረሽው ግቢ፣ ደብተር አርሚለት፣ ንባብ የከበዳቸውን ለብቻ ያዢለት። ለማንም ደግሞ ቃል አትግቢ። "እስቲ እናያለን" ማለትሽ እዚያ "ይመጣል" ተብሎ ይሰማል። ኮምፒውተር ይመጣል ተብሎ ጠረጴዛ ያሠራ ትምህርት ቤት አውቃለሁ፤ ጠረጴዛው የጠመኔ ካርቶን ተቀምጦበት ቀረ።

የሚቀረው ቀላል ነው። ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለትምህርት ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ያዢ፣ እንደደረስሽም ለቀበሌው አሳዪ። ማደሪያሽ ከሴት መምህራን ጋር ይሁን፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክፍል ተከራይተው በጋራ ይኖራሉ፣ ኪራዩን ተካፈያቸው። ሰው ቤት ስትጋበዢ የሚቀርብልሽ ከልጆቹ ድርሻ ሊሆን ስለሚችል ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ይዘሽ ግቢ፤ ገንዘብ ብትሰጪ ይቀየማሉ። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑንም አትርሺ። ብርዱን አትናቂው፤ ጋቢ፣ ወፍራም ካልሲና በፀሐይ የሚሞላ መብራት ያስፈልግሻል። መብራቱን ስትመለሺ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተዪው።