የአንባቢያን ጥያቄ፦ ትንሿ የጨረራ መለኪያ ስለ ዓሣው ምን ትናገራለች?

ጥያቄ፦ በማርሻል ደሴቶች የኒውክሌር ሙከራ ካበቃ ከብዙ ዓመት በኋላም የሰዉና የአካባቢው ጨረራ እንደሚለካ አነበብኩ። እኔም የኪስ መለኪያ አስመጥቼ ከጣናው ደቅ ደሴት በመጣ አምባዛ ላይ ሞከርኩት፤ በሰዓት 0.14 ማይክሮሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ) አሳየኝ። ባዶው ጠረጴዛም ያው ነው። ዓሣው ንጹሕ ነው ማለት ነው?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ቁጥሩ አያስደነግጥዎ። ከአፈር፣ ከአለትና ከሕዋ የሚመጣ የተለመደ ጨረራ ነው፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከሕዋ የሚደርሳት ከወደብ ከተሞች ይበልጣል። ስለ ዓሣው ግን መለኪያው ምንም አልነገረዎትም። ከኒውክሌር አደጋ በኋላ ለንግድ ለሚቀርብ ምግብ ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) ያስቀመጠው፣ ከኒውክሌር ፍንዳታና አደጋ የሚወጣው የሲዝየም-137 ወሰን በኪሎ 1,000 ቤኬሬል ነው፤ አንድ ቤኬሬል ማለት በሰከንድ አንድ አቶም ጨረራ ያወጣል ማለት ነው። አንድ ኪሎ ዓሣ ይህን ያህል ቢይዝ እንኳ በ10 ሳንቲሜትር ርቀት ንባብዎ ላይ የሚጨምረው ከ0.01 አይበልጥም። የመሣሪያው መዋዠቅ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1958 በማርሻል ደሴቶች 67 ሙከራ አድርጋለች። ከደሴቶቹ አንዷ ወደሆነችው፣ ሙከራ ወደተደረገባት ቢኪኒ ተመልሰው የነበሩ ነዋሪዎች በ1978 እንደገና የተነሡት በዋናነት በሚበሉት ሳቢያ ሰውነታቸው ውስጥ ሲዝየም ስለተከማቸ ነው። የደሴቶቹ የኮራል አሸዋ የሸክላ አፈር የለውም፣ ፖታሲየምም በጣም ያንሰዋል፤ ስለዚህ የኮኮናት ሥር በፖታሲየም ፈንታ ሲዝየሙን ይስባል። ፖታሲየም ክሎራይድ ማዳበሪያ ሲጨመርለት ፍሬው ውስጥ የሚገባው ሲዝየም ወደ አንድ አሥረኛና ከዚያም በታች ወረደ። እንደ እኛ ዋልካ ያለ የሸክላ አፈር ግን ሲዝየምን ይዞ ያስቀራል። ዓሣ ላይ ነገሩ ይለያል፦ የሐይቅ ውሃ ከባሕር ውሃ ያነሰ ፖታሲየም ስላለው፣ ውሃው ከተበከለ የሐይቅ ዓሣ ከባሕር ዓሣ የበለጠ ሲዝየም ይሰበስባል። ስለዚህ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መሣሪያው ነው ያልሆነው።

ትክክለኛው መንገድ የጋማ ስፔክትሮሜትር ነው፤ ይህ የጋማ ጨረርን በጉልበቱ እየለየ የሚቆጥር የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው። ሁለት ኪሎ ያህል ሥጋ ከአንጀቱና ከአጥንቱ ይለያል፤ እርጥብ ክብደቱ ይጻፋል፤ በ105 ዲግሪ ደርቆ እንደገና ይመዘናል፤ ተፈጭቶ መሣሪያው በተስተካከለበት ዓይነት ዕቃ ውስጥ፣ እስከዚያው ከፍታ ድረስ ይሞላል። በእርሳስ ብረት በተከበበ የጀርማኒየም ዲቴክተር እስከ 24 ሰዓት ይቆጠራል፤ የሚፈለገው የሲዝየም-137 መለያ የሆነው የ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት) መስመር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው እርጥብ ክብደቱን አለመጻፍ ነው፦ የዓሣ ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ የደረቀውን ውጤት እንደ እርጥብ ያነበበ ሰው አራት አምስት እጥፍ አጋኖ ይደነግጣል። አምባዛና ቆሮሶም አይደባለቁ፤ ሌላ ዓሣ የሚበላ ዓሣ የበለጠ ሲዝየም ይይዛል።

በማርሻል ደሴቶች እንደሚደረገው ሰው ራሱ ሲለካ ደግሞ በጋማ መለኪያ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። አስቀድሞ ታጥቦ ልብስ መቀየር አለበት፤ ቆዳ ላይ ያለ አቧራ ከውስጥ የመጣ ይመስላል። የማንኛውም ሰው ገላ ፖታሲየም-40 የተባለ የተፈጥሮ ጨረራ አውጪ አለው፣ 70 ኪሎ ሰው ላይ 4,000 ቤኬሬል ገደማ። የፖታሲየም-40 መስመር ካልታየ መሣሪያው ተበላሽቷል።

ከኒውክሌር ፍንዳታ የሚወጣው ሌላው ንጥረ ነገር ስትሮንቲየም-90 ጋማ ስለማያወጣ በዚህ ሁሉ አይታይም። የሚከማቸው አጥንት ውስጥ ነው፤ ትናንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ የሚበላ ቤተሰብ ካለ አጥንቱ ተለይቶ ለኬሚካል ምርመራ ይላክ።