2 ሚሊሜትር ዝናብ

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ የሰደድ እሳት ትንበያ ባለሙያ፣ «ትናንት ዘንቧል፤ የዛሬውን የሰደድ እሳት ስጋት ደረጃ ዝቅ ላድርገው?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። በእሷ ዕድሜ ይህንኑ ጥያቄ ራሴ ጠይቄ ራሴ መልሼው ነበር።

ለሳምንታት ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። አንድ ማታ 2 ሚሊሜትር ዘነበ። ጠዋት በመስኮት ሳይ ሣሩ ርሷል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ብሏል። የቀትሩን የአየር ልኬት እንኳ ሳልጠብቅ «ዝቅተኛ» ብዬ ላክሁ። ጠፋ የተባለ እሳት ያለበትን ደን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። በእኔ ወረቀት እንዲመለሱ ተነገራቸው። ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አፈሩን በጣቴ ብጭረው ከሥሩ ዱቄት ነው» አሉ። «አባቴ፣ ዘንቧል እኮ!» አልኳቸው። ያ «እኮ» እስካሁን ያሳፍረኛል።

ከቀትር በኋላ ደረቅ ነፋስ ተነሣ። ሣሩ በጥቂት ሰዓት ደረቀ። 10 ሰዓት ገደማ የተዳፈነው ረመጥ ብቅ አለ። ከዚያ ነፋሱ አቅጣጫ ቀየረ፤ ረጅሙ የእሳቱ ጎን በአንዴ ግንባር ሆነ። ሰው አልተጎዳም። ደኑን ግን በኋላ ሄጄ አየሁት፤ እሱን ባልጽፈው ይሻላል።

የምንጠቀመው የካናዳውያኑን የሰደድ እሳት ስጋት ስሌት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለውን። በየቀኑ ቀትር ላይ ሙቀት፣ እርጥበት፣ ነፋስና የ24 ሰዓት ዝናብ ይገባበታል። ላዩን ያለው ቅጠል ምን ያህል እንደደረቀ የሚለካው ቁጥር ዝናቡ ከ0.5 ሚሊሜትር ሲያልፍ ይቀንሳል። ከሥሩ ያለው የመካከለኛው ንብርብር ቁጥር 1.5 ይፈልጋል። የጥልቁ ንብርብር የድርቀት ቁጥር ግን ዝናቡ 2.8 ካላለፈ ወደ ታች ንቅንቅ አይልም። የእኔ 2 ሚሊሜትር እሱ ዘንድ አልደረሰም። ቁጥሩ ሠንጠረዡ ላይ ነበር፣ ሦስተኛው ዓምድ። አላየሁትም።

እናንተ የዛሬ ባለሙያዎች ስልካችሁ ላይ አረንጓዴ፣ ማለትም ዝቅተኛ ስጋት፣ ካያችሁ በቃችሁ። እኛ በእጅ ነበር የምናሰላው። እውነቱን ልናገርና፣ ስንቴ ተሳስተናል! ብቻ ቁጥር አትመኑ፣ ወጥታችሁ አፈር ጫሩ። ይህን የምለው እኔ ግን ያን ቀን የተሳሳትኩት ቁጥሩን ባለማንበቤ ነው። ይጋጫል? ይጋጭ።

ስለ ሙቀትና ስለ ነፋስ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ልጅቷን «ስንት ሚሊሜትር?» ብዬ ጠየቅኋት። አላየችም ነበር። ልታይ ሄደች።