ብሪኬት ወይስ አንኳር ከሰል? የጓሮ ጭስ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ ጓሮዬ ውስጥ ሥጋ በጭስ ማብሰል ጀምሬያለሁ። ያለኝ ተራ ክብ ባለክዳን የከሰል ምድጃ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ብሪኬት ኬሚካል ነው፣ ሥጋ ያበላሻል፣ አንኳር ከሰል ግዛ» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «አንኳር ከሰል ለጥብስ እንጂ ለረጅም ሰዓት አይሆንም» ይላል። አንድ ትልቅ የበሬ ደረት ቀስ ብዬ ቀኑን ሙሉ ማብሰል እፈልጋለሁ። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለዚያ ምድጃና ለዚያ ሥጋ ብሪኬት ግዛ። ቁርጡ ይኸው ነው። ግን ሁለቱም ጓደኞችህ የተናገሩት ውስጥ እውነት ስላለ ምክንያቱን ላስረዳህ፤ እሱን ካወቅህ ነገ ምድጃ ብትቀይር ማንንም ሳትጠይቅ ትወስናለህ።

አንኳር ከሰል ማለት እንጨት አየር እያጠረው ተቃጥሎ የከሰለው ነው። ሌላ ነገር አልገባበትም። ብሪኬት ደግሞ የከሰል ዱቄት በማጣበቂያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በስታርች፣ ተለውሶና ተጨምቆ በአንድ ልክ የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1897 ኤልስወርዝ ዝዎየር የተባለ የፔንሲልቬንያ ሰው የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ በ1920ዎቹ ደግሞ ሄንሪ ፎርድ ከመኪና ሥራው የሚተርፈውን እንጨት ወደ ብሪኬት እያስቀየረ ገበያ ላይ አወጣው።

ለአንተ ዋናው ነገር «በአንድ ልክ» የምትለዋ ናት። ሥጋ በጭስ የሚበስለው ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት፣ ለብዙ ሰዓት ነው። ብሪኬቶቹ እኩል ስለሆኑ እኩል ይነዳሉ፤ ስንቱ በአንድ ጊዜ እንደሚነድ ካወቅህ ሙቀቱን አወቅህ ማለት ነው። የአንኳር ከሰል ጆንያ ስትከፍት ግን ጭንቅላት የሚያክልም፣ ጥፍር የሚያክልም ታገኛለህ። ትንንሾቹ ቶሎ ነደው ያልቃሉ፣ በቦታቸው ክፍተት ይፈጠራል፣ በዚያ ክፍተት አየር ይገባና ሙቀቱ ድንገት ይወጣል። ቆይቶ ደግሞ ትልቁ ሳይያያዝ ሙቀቱ ይወርዳል። በዚያ ላይ አንኳር ከሰል አየር ሲያገኝ ወዲያው ነው ቦግ የሚለው። ሥጋ ላይ ላዩን በኃይለኛ እሳት ለመጥበስ ከፈለግህ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለረጅሙ ሰዓት ግን ቀኑን ሙሉ ምድጃው ሥር ዘብ ያቆምሃል።

አሁን ወደ «ኬሚካሉ» ልምጣ። ጓደኛህ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የተናገረው። አንዳንድ ብሪኬት ውስጥ አመዱ ነጭ እንዲሆን የኖራ ድንጋይ፣ ቶሎ እንዲቀጣጠል ሶዲየም ናይትሬት፣ አንዳንዴም የማዕድን ድንጋይ ከሰል ይገባል። ሲለኮስ የሚሸትህም ለዚህ ነው። ጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብብና ከከሰልና ከስታርች በቀር ምንም የሌለበትን ምረጥ፤ እንዲህ ዓይነቱ አለ። በፍጹም እንዳትገዛ የምልህ ግን ማቀጣጠያ ፈሳሽ የተነከረውን፣ «ክብሪት ብቻ ይበቃዋል» እየተባለ የሚሸጠውን ነው። ለረጅም ሰዓት ስታበስል ከሰሉ ሁሉ በአንዴ አይያያዝም፤ ተራ በተራ ነው የሚቀጣጠለው። ስለዚህ ፈሳሹ በየሰዓቱ አዲስ እየነደደ በቀጥታ ሥጋህ ላይ ይጨሳል። ያን ጠረን በምንም አታስለቅቀውም።

ጣዕሙስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንጨት ሲከስል ጭስ የሚሰጠው ነገር አብዛኛው እዚያው ወጥቶ አልቋል። በደንብ የተያያዘ ከሰል፣ አንኳርም ሆነ ብሪኬት፣ በአብዛኛው የሚሰጥህ ሙቀት ነው። ጣዕሙ የሚመጣው ከሰሉ ላይ ከምታስቀምጠው ደረቅ የእንጨት ጉማጅ ነው፤ ወይራ ቢሆን፣ ኦክ ቢሆን፣ የፍራፍሬ ዛፍ ቢሆን፣ ጠንካራ እንጨት ይሁን እንጂ። ሙጫ ያለው እንደ ጥድ ያለ እንጨት ግን አይሁን። ገንዘብህንም ሆነ ጭንቀትህን እዚያ ላይ አውለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሪኬቶቹን በምድጃው ጠርዝ ዙሪያ ሁለት ጎን ለጎን፣ ሁለት ከላይ አድርገህ ደርድር፤ ክቡን ግን ሙሉ በሙሉ አትግጠመው፣ ክፍተት ተውለት። ጉማጆቹን እየዘለልህ ላያቸው ላይ አስቀምጥ። መሀል ላይ ውኃ ያለበት ሰፋ ያለ የብረት ዕቃ አድርግ፣ ሥጋው ከሱ በላይ ይሁን። ከዚያ አሥር ያህል ብሪኬት ለብቻ አቀጣጥለህ አመድ ሲለብሱ በአንደኛው ጫፍ ላይ አድርጋቸው። እሳቱ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ይዞርልሃል። የክዳኑን ቀዳዳ ክፍት ተወው፣ ሙቀቱን በታችኛው ተቆጣጠር። ይህን ዘዴ በአንኳር ከሰል ብትሞክረው ክፍተት ያገኘበት ቦታ ላይ ይጠፋብሃል፣ ወይም ከላይ ዘሎ ሁሉንም በአንዴ ያነደዋል።

ከክዳኑ የሚወጣውን ጭስ አትኩረህ እየው። ስስ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ ጥሩ ነው። ወፍራምና ነጭ ከሆነ እሳቱ ታፍኗል ማለት ስለሆነ ሥጋውን ገና አታስገባ፤ ይመርርሃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ከሰሉ ያለጥፋቱ የሚወቀሰው በዚህ ነው። የሥጋው ውስጥ ሙቀት 65 ወይም 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለሰዓታት ዝም ሊል ይችላል። ከሥጋው ላይ የሚተነው እርጥበት እያቀዘቀዘው ነው። ሰው ይደነግጥና ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ከሰል ይጨምራል፣ እሳቱ ያብዳል። አንተ ተወው። ራሱ ይነሳል፤ 95 አካባቢ ደርሶ የሙቀት መለኪያው መውጊያ ቅቤ ውስጥ የገባ ያህል ሲሰምጥልህ ታወጣዋለህ።

ጥያቄ፦ እኔ ወፍራም የሸክላ ምድጃ አለኝ፣ እንቁላል የሚመስለው። ብሪኬት ሞልቼበት ነበር፤ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ እየወረደ እየወረደ መጣና ጠፋብኝ። ከሰሉ ግን ገና አላለቀም ነበር። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አመድ ነው ያፈነብሽ። የብሪኬት አመድ ከአንኳር ከሰል አመድ በጣም ይበልጣል፤ ያ ማጣበቂያና ኖራ ሁሉ የሚቀረው እዚያ ነው። የሸክላ ምድጃ ሙቀት ስለማያባክን የሚፈልገው አየር ትንሽ ነው። የሚገባውም በጠባብ ቀዳዳ ነው። ያቺ ቀዳዳ በአመድ ስትደፈን እሳቱ ከሰል እያለው ይሞታል።

ለአንቺ ትክክለኛው አንኳር ከሰል ነው። ለላይኛው ጠያቂያችን የዘረዘርኩት ችግርም አንቺ ጋ ብዙም አያስቸግርም፤ ወፍራሙ ግድግዳ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ የከሰሉን መዋዠቅ ይውጠዋል።

ጆንያውን ግን ዘርግፈሽ አትሙዪ። ትልልቆቹን በእጅሽ ከታች አድርጊ፣ መካከለኞቹን ከላይ፣ ድቃቂውን ለሌላ ቀን ለጥብስ አስቀምጪው። እሱ ከታች ከገባ እንደ አመድ ነው የሚያፍነው። ጥሩ ከሰል ሁለቱን ስታጋጪው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ ቅል ይላል። ዱብ ዱብ የሚል፣ ከባድና ወደ ቡናማ የሚሄድ ካገኘሽ ገና በደንብ ያልከሰለ እንጨት ነውና ለይተሽ አውጪው፣ ወፍራም ጭስ ያጨስብሻል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለኩሺው። የምትፈልጊው ሙቀት ላይ ከመድረሱ በፊት ቀዳዳውን ማጥበብ ጀምሪ፤ ሸክላ አንዴ ከጋለ ለማብረድ ግማሽ ቀን ያስጠብቅሻል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን መቀላቀል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ከታች ብሪኬት አድርጎ ከላይ ጥቂት አንኳር ከሰል ጣል ማድረግ ለዶሮ በጣም ጥሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ቆዳው እንዲጠበስ የሚያስፈልገውን ጠንከር ያለ ሙቀት ይሰጣል። ለአሥር ሰዓት ሥራ ግን አልመክርም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ጓሮ ውስጥ በከሰል ያበስላሉ። ዝናብ ሲመጣ ምድጃውን ወደ መኪና ማቆሚያው ቤት ያስገቡታል፤ «በሩ ክፍት ነው፣ ብሪኬቱም አይጨስም» ይሉኛል። የልጅ ልጆችም አሉ። ልከልክላቸው?

መልስ፦ አባቴ፣ ዛሬውኑ ይከልክሏቸው። ከሰል አንኳርም ሆነ ብሪኬት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጭስ ባይታይም አለ፤ ይገድላል። በር መክፈት አይበቃም። ከዝናብ ለመሸሽ ከፈለጉ ሜዳ ላይ፣ ግድግዳ የሌለው፣ ከእሳቱ ራቅ ያለ ከፍ ያለ መጠለያ ይሥሩ፤ ካልሆነ ምግቡን ቤት ውስጥ ባለው ከሰል በማይነድበት ምድጃ (ኦቨን) ይጨርሱት። አንዴ ጭሱን ከጠጣ በኋላ ቤት ውስጥ ቢጨረስ ጣዕሙ አይጎድልበትም።

አመዱም ያሳስበኛል። የሞተ የሚመስል የብሪኬት አመድ ውስጥ ፍም በማግስቱም ሊኖር ይችላል። ልጆች በባዶ እግር የሚሮጡበት ጓሮ ውስጥ እንዳይደፉት፣ ፕላስቲክ ውስጥም እንዳይጨምሩት። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከቤቱ ራቅ አድርገው ሁለት ቀን ያቆዩትና ከዚያ ይድፉት። የተረፈውን ከሰል ደግሞ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ዘግተው ያጥፉት፤ ለሌላ ጊዜ ይሆናል።