አሽዶድ ባሕር ዳር የተተከለው ገሾ ለምን ቢጫ ሆነ?

እህታችን፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ከባሕሩ አጠገብ ባለው ግቢዎ የተከሉት ገሾና ቃሪያ ጫፍ ጫፉ ቢጫ እየሆነ መጣ፤ ጎረቤትም «የባሕሩ ጨው ነው፣ እዚህ ምንም አይበቅልም» አለዎት። እኔም አሽቀሎን ውስጥ በዚያው ዓይነት አሸዋ ላይ ለዓመታት አትክልት ስተክል ኖሬአለሁና ተስፋ አይቁረጡ። በአካባቢያችን ጨው ያላጠፋው ጥፋት ሁሉ ይለጠፍበታል።

አሸዋ ጨው አያቆይም። የክረምቱ ዝናብ፣ በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ ጨውን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። ጨው የሚከማቸው ውኃ በማይወርድበት ጭቃማ ረባዳ ቦታ፣ እንዲሁም በጥቂት በጥቂቱ ብቻ በሚጠጣ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ነው። የጨው ጉዳት ምልክቱም ሌላ ነው፤ ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ከነፋስ ጋር የሚመጣው የባሕር ርጭት ከሆነ ደግሞ በባሕሩ በኩል ያለው ጎን ብቻ ይቃጠላል።

የእርስዎን ተክል ጠጋ ብለው ይዩት። ቢጫ የሆነው አዲሱ ቅጠል ሆኖ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ከቀሩ፣ የጎደለው ብረት ነው። አሸዋችን አብዛኛው ዓባይ ወደ ባሕር አውጥቶት ሞገድ ወደ ሰሜን እየገፋ ያመጣው ነው (ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል)፤ ነገር ግን የተፈጨ የቀንድ አውጣና የዛጎል ስባሪ ተቀላቅሎበታል። ያ ስባሪ ኖራ ነው። ኖራ አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደርገው ብረቱ እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ከአሸዋው አንድ እፍኝ ወስደው አቼቶ ያፍስሱበት፤ ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለው ማለት ነው።

ለዚህ የሚያዋጣው ኢዲዲኤችኤ (EDDHA) የሚባለው የብረት ማዳበሪያ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲገባ ደም ይመስላል። ሲገዙ ስሙን አይተው ይግዙ፤ ሌላው ዓይነት ርካሽ ቢሆንም ኖራ ባለበት አፈር ቶሎ ይከሽፋል። ቢጫ የሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ግን ናይትሮጅን አልቆበታል። አሸዋ ምግብም ውኃም አይዝምና ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ከመድፋት ይልቅ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። በደንብ የበሰለ ኮምፖስትም በየዓመቱ ይጨምሩ። ያልበሰለ የከብት ፍግ ግን ራሱ ጨው ስላለው ችግኝ ሥር እንዳያደርጉት።

ቦሎቄ ከሁሉ ይልቅ ጨው አይወድም፤ ቃሪያ መካከለኛ ነው፤ ቀይ ሥርና ቆስጣ ይችሉታል። ጤና አዳም ኖራውንም አሸዋውንም አይጠላም፤ እኔ ዘንድ ከሁሉ የተሻለ የሚያድገው እሱ ነው።

ጊዜ ካገኙ ከአሽዶድ በስተደቡብ ወደ ኒጻኒም የአሸዋ ክምር ይሂዱ። በባሕሩ ጫፍ አሸዋ በቀበረው ቁጥር ግንዱን ወደ ላይ የሚያስረዝም ሣር ያያሉ። ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ፣ አሸዋው ከነፋስ ባረፈበት፣ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቁጥቋጦ ይበዛል። ከዚያም አልፎ ወደ ምሥራቅ ሐምራ የሚባለው ቀይ አፈር ይመጣል፤ የታወቀው ብርቱካን የበቀለው በእሱ ላይ ነው። የሚያውቁት ሰው ከዚያ አፈር ጥቂት ጆንያ ቢያመጣልዎት ለገሾው ጉድጓድ ከኮምፖስት ጋር ደባልቀው ይሙሉት፤ ውኃ ይዞ ይቆይልዎታል።

የቅጠሉን ፎቶ ከላይም ከታችም አንስተው ይለጥፉልን፤ ብረት ይሁን ናይትሮጅን አይቼ እነግርዎታለሁ።