ጀማሪው ማን ነው፤ አንቺ ወይስ መጽሐፉ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የመድኃኒት ክምችታችንን እስካሁን በደብተር ነው የምንይዘው። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከመደርደሪያ ጀርባ ባገኘን ቁጥር እንደነግጣለን። ስለዚህ ዳታቤዝ (መረጃ በኮምፒውተር ተደርድሮ የሚቀመጥበትን) ልማር ብዬ ተነሳሁ። አንድ መጽሐፍ መደብር ገብቼ ‹የመረጃ ቋት መማሪያ አለ?› ብል ባለቤቱ ስለ ስለላ የተጻፈ መጽሐፍ አወጣልኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ‹የዳታቤዝ ፕሮግራሚንግ ጀማሪ መጽሐፍ ግዛልኝ› ብዬ በቴሌግራም ልልክ ስል ባልደረባዬ አየችብኝና ‹መጽሐፍ እንዴት ጀማሪ ይሆናል? ጀማሪዋ አንቺ› ብላ ሳቀችብኝ። ማናችን ነን ትክክል? ደግሞስ ምን ልበል፤ የመረጃ ቋት፣ የውሂብ ጎታ ወይስ ዳታቤዝ?»

መልስ፦ ደኅና ነኝ እኅቴ። ከባልደረባሽ ሳቅ ልነሳ፣ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው።

«ጀማሪ ሹፌር» ስንል ጀማሪው ሹፌሩ ነው። «ጀማሪ ሐኪም» ስንልም ሐኪሙ። ስለዚህ «ጀማሪ መጽሐፍ» ብቻውን ሲቆም መጽሐፉ ገና ሙያ እየለመደ ያለ ይመስላል። እዚህ ድረስ ባልደረባሽ አሸንፋለች። አንቺ የጻፍሽው ግን እሱን ብቻ አይደለም፤ «የዳታቤዝ ፕሮግራሚንግ ጀማሪ መጽሐፍ» ነው። ያቺ ከፊት ያለችው «የ» ነገሩን ትቀይረዋለች።

አማርኛ ሁለት «የ» መደራረብ አይወድም። «የጎረቤቴ ልጅ ሠርግ» እንላለን። ሠርጉ የልጁ፣ ልጁ የጎረቤቴ። በሒሳብ ቢሆን «የየጎረቤቴ ልጅ ሠርግ» መባል ነበረበት፤ ግን አንዷ «የ» የሁለቱን ሥራ ትሠራለች፣ ሌላዋ ትዋጣለች። («የየ»ን ያስቀመጥናት ለሌላ ጉዳይ ነው፤ «የየራሳቸው»፣ «የየቤቱ» ለማለት።) ያንቺም ዓረፍተ ነገር በዚሁ መንገድ ይነበባል፤ የዳታቤዝ ፕሮግራሚንግ ጀማሪ የሆነ ሰው መጽሐፍ። ስለዚህ አልተሳሳትሽም። ችግሩ ሁለት መንገድ መነበቡ ነው፤ ወንድምሽ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያነበው። «ለጀማሪ የሚሆን መጽሐፍ» ብትይ ማንም አይስቅብሽም። «የጀማሪዎች መጽሐፍ»ም ያስኬዳል። «የልጆች መጽሐፍ» ስንል ልጆች ጻፉት ብሎ የሚያስብ አለ እንዴ?

አሁን ወደ ሰላዩ መጽሐፍ። ባለመደብሩን አትቀየሚው። «መረጃ» በአማርኛ ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ነው። የትራፊክ መረጃ አለ፣ የደኅንነት ሰዎች መረጃም አለ። «የመረጃ ሰው» ሲባል ኮምፒውተር የሚነካ ሳይሆን ጥቁር መነጽር ያደረገ ነው ትዝ የሚለን። «ቋት» ደግሞ ወፍጮ ቤት ነው የሚወስደን፤ ዱቄቱ የሚወርድበት ዕቃ ነው። «ቢፈጩት ቋት የማይሞላ» ይባል የለ፣ ለፍሬ ቢስ ወሬ። «የመረጃ ቋት» እንግዲህ የእነዚህ የሁለቱ ጋብቻ ነው። ለሚያውቀው ጥሩ ቃል ነው፣ ለማያውቀው ግን ከሰላይና ከዱቄት ሌላ የሚይዘው የለም።

«የውሂብ ጎታ»ን ያወጣው ሰው የበለጠ ተጨንቆበታል ባይ ነኝ። «ውሂብ» ከግእዙ «ወሀበ» ነው፤ ሰጠ ማለት። «ሀብት»ም ከዚያው ቤት የወጣ ቃል ነው፤ «ሀብተ ማርያም» ስንል የማርያም ስጦታ ማለታችን ነው እንጂ ስለ ባንክ ሒሳቧ አይደለም። «ዳታ» በላቲን ሥሩ «የተሰጠ» ማለት ስለሆነ ትርጉሙ ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። ጎታንም ገጠር ዘመድ ያለው ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቆመው የእህል ማስቀመጫ። እኔ ቃሉን እወደዋለሁ። ግን መውደድና መግባባት ይለያያሉ፤ «የውሂብ ጎታ መጽሐፍ አለ?» ብለሽ ብትጠይቂ በዝምታ ነው የሚያዩሽ።

«ዳታ» ብቻውንስ? እሱ ተወስዷል። «ዳታ አብሪ»፣ «ዳታ ጨረስኩ» ስንል የስልክ ኢንተርኔት ነው። «የዳታ መጽሐፍ» ብትይ የካርድ ዋጋ ዝርዝር ሊመጣልሽ ይችላል። «ዳታቤዝ» ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ገበያ ላይ እሱን በይ። ለፋርማሲው ባለቤት ደብዳቤ ስትጽፊ «የመረጃ ቋት» ካልሽ ደስ ይለኛል፣ መጀመሪያ ላይ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር አስረጂና በእሱው ጽኚ። በአንድ ገጽ ሦስቱንም የሚያፈራርቅ ሰው ነው እኔን የሚያናድደኝ።

«ፕሮግራሚንግ»ም እንዲሁ ልጓም ይፈልጋል። «ፕሮግራም አለኝ» ስንል ቀጠሮ ወይ ድግስ ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ እንኳ «ዳታቤዝ ፕሮግራሚንግ» ቢያንስ አራት ዓይነት መጽሐፍ ያስመጣል። አንዱ ስለ አነዳደፍ ንድፈ ሐሳብ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ነው። ሌላው ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎችን የሚያገለግለውን ዋና ኮምፒውተር፣ ስለ ማስተዳደር ነው። ሌላው በፓይተን ወይ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገር ሶፍትዌር ስለ መሥራት ነው። አራተኛው ዳታቤዙ ራሱ የሚጠየቅበትን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን የሚያስተምር ነው። ለአንቺ የሚሆነው ይኼ የመጨረሻው ነው፤ ሌሎቹ ብዙውን ጊዜ እሱን ታውቂያለሽ ብለው ነው የሚነሱት። አንዳንዶች «ሲኩዌል» ይሉታል፤ ሁለቱም ልክ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቢኤም የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ሲሠሩት ስሙ በእርግጥም «ሲኩዌል» ነበር፤ ያ ስም የሌላ ሰው የንግድ ምልክት ሆኖ ስለተገኘ አሳጠሩት።

አሁን ያልጠየቅሽኝን ልመልስ፣ ምክንያቱም በመልእክትሽ ውስጥ ያለው ትልቁ ጉድለት «ጀማሪ» ላይ አይደለም። «መጽሐፍ» ላይ ነው።

አማርኛ የመሣሪያ ስም የሚያወጣበት ግሩም መንገድ አለው። ቆፈረ፣ መቆፈሪያ። ወቀጠ፣ መውቀጫ። ቆረጠ፣ መቁረጫ። ከፊት «መ»፣ ከኋላ «ያ»፤ መጨረሻው ፊደል ላይ ስታርፍ ደግሞ «ጠ» ወደ «ጫ»፣ «ደ» ወደ «ጃ»፣ «ሰ» ወደ «ሻ» ትለሰልሳለች። («መረጃ» ራሱ የዚህ ቤት ልጅ ነው፤ ተረዳ፣ መረጃ።) ከ«ጀመረ» ብናወጣ «መጀመሪያ» ይመጣ ነበር፣ እሱ ግን ቀድሞ «አንደኛ» የሚል ሥራ ይዟል፤ ለዚህ ነው «ጀማሪ» ስትይ የተንገዳገድሽው። መጽሐፍን በተመለከተ ይኼ ሥርዓት አራት ስም ይሰጠናል፤ መማሪያ፣ ማስተማሪያ፣ መለማመጃ፣ ማጣቀሻ። ሰው አንድ ነው ብሎ ያደባልቃቸዋል። አንድ አይደሉም።

ማስተማሪያ የመምህር ነው። በየካምፓሱ በር ፎቶኮፒ ቤቶች የሚሸጡት ሞጁልና ሃንድአውት አብዛኞቹ ይኼ ናቸው። ርዕሱ፣ ነጥብ ነጥቡ፣ ትርጓሜው ተደርድሯል፤ ክፍተቱን የሚሞላው ቆሞ የሚያብራራው ሰው ነው። ሰውየው ከሌለ አጥንቱ ብቻ ይቀርሻል። ርካሽ ነው ብለሽ እንዳትሳቢ። ማጣቀሻ ደግሞ ያ ድንጋይ የሚያክለው ነው፤ ሁሉም ትእዛዝ አለበት፣ ለሚያውቅ ሰው ውድ ዕቃ ነው፣ ለጀማሪ ትራስ ነው። መማሪያ ታሪኩን ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይወስድሻል። መለማመጃ ግን እጅሽን ያሠራሻል። ለብቻሽ፣ ከሥራ በኋላ፣ ማታ የምትማሪ ከሆነ መለማመጃነት የሌለውን መማሪያ አትግዢ።

መለማመጃ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? በአቡጊዳ። ልጅ ሆነሽ ሀሁ ስትቆጥሪ ፊደሉን ሳይሆን ቦታውን ነበር የምታውቂው፤ ሦስተኛዋን ከአራተኛዋ የምትለዪው በተራዋ ነው። አቡጊዳ የመጣችው ለዚያ ነው፤ ፊደሉን በትና «እስኪ አሁን አንብቢ» ትላለች። ያኔ ነው ማን እንደቆጠረ፣ ማን እንዳነበበ የሚለየው። መጽሐፉን ስትመርጪ የምዕራፉን ጥያቄ ተመልከቺ። ጥያቄው ምሳሌውን ስም ቀይሮ የሚደግም ብቻ ከሆነ ገና ሀሁ ላይ ነው። ቅልቅል አድርጎ፣ ያልታየ ሰንጠረዥ ሰጥቶ የሚጠይቅ ከሆነ፣ መልሱም ከኋላ ካለ፣ ያዢው። መልስ የሌለው መለማመጃ የኔታ የሌሉበት ጉባኤ ነው፤ ቅኔሽ ልክ ይሁን ይዘበራረቅ ማን ይነግርሻል?

ሌላ መፈተኛ። ኤስኪውኤል በግሥ ይጀምራል። ካንቺ ደብተር ብንነሳ፣ «አምጣ ስምና ብዛት፣ ከመድኃኒት ሰንጠረዥ፣ ማብቂያቸው ከዚህ ቀን በፊት የሆኑትን» ብሎ ነው የሚጻፈው። በሙያው ስም ሴሌክት፣ ፍሮም፣ ዌር። ለአማርኛ ተናጋሪ ይኼ የተገለበጠ ነው፤ እኛ ግሥን መጨረሻ ላይ ነው የምናስቀምጠው። «ከመድኃኒት ሰንጠረዥ፣ ማብቂያቸው ከዚህ ቀን በፊት የሆኑትን፣ ስማቸውንና ብዛታቸውን አምጣ።» ታዲያ ደስ የሚለው ነገር ምን መሰለሽ፣ በቋንቋው ሕግ መሠረት ትእዛዙ የሚተረጎመው በእኛው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ፍሮም፣ ከየትኛው ሰንጠረዥ እንደሆነ። ቀጥሎ ዌር፣ የማይፈለጉት ረድፎች ይጣላሉ። ሴሌክት ከዚያ በኋላ ነው። (መደርደሪያው ኦርደር ባይ ግን ከሴሌክት ኋላ ይመጣል።) ይህን ቅደም ተከተል በግልጽ የሚያስረዳ መጽሐፍ ካገኘሽ ጸሐፊው ተማሪ ምን ላይ እንደሚደናቀፍ ያውቃል ማለት ነው። በአማርኛ እያሰብሽ፣ በእነሱ ቅደም ተከተል ጻፊው።

«ኩዌሪ»ን (ዳታቤዙ የሚጠየቅበትን ትእዛዝ) «መጠይቅ» ብሎ የሚተረጉም ካጋጠመሽ ግራ እንዳትጋቢ። መጠይቅ ለጥናት ሰው የሚሞላው ቅጽ ነው። እዚህ «ጥያቄ» ይበቃ ነበር።

መጽሐፉ አሮጌ ቢሆንስ? ለትምህርቱ ብዙ አያስፈራም። ኤስኪውኤል በ1986 እ.ኤ.አ. ነው በአሜሪካ ደረጃ የወጣለት፤ ሴሌክትና ዌር ዛሬም ያው ናቸው። የሚያረጀው የሶፍትዌሩን አጫጫን የሚያሳየው ምዕራፍ ነው። ይልቅ በየትኛው ሶፍትዌር እንደሚያስተምር እይ። ኤስኪውላይት ላይ የተመሠረተ ቢሆን ለአንቺ እመርጣለሁ፤ ሰርቨር አይፈልግም፣ ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፣ ነጻ ነው፣ ኔትወርክ ቢጠፋም ላፕቶፕሽ ላይ ይሠራል። ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስም ጥሩ ናቸው፣ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት በመጫን ትጨርሺዋለሽ። በአንድ መጽሐፍ ሁሉንም አስተምራለሁ የሚለውን ተይው።

አንድ ነገር ግን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አታገኚም፣ እኔ ተቃጥዬበት ነው የማውቀው። የሰበሰብኳቸውን ተረትና ምሳሌዎች ዳታቤዝ ውስጥ ከትቼ «ጸሐይ» ብዬ ስፈልግ ግማሾቹ ጠፉ። ለካ «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ»፣ «ፀሃይ» እያልኩ ነበር ስጽፍ የከረምኩት። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለማሽኑ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት መዝገብ) ሲገባ ሀም ሐም ኀም የየራሳቸው ቁጥር ነው የተሰጣቸው። የደንበኛ ስም በአማርኛ የምትመዘግቢ ከሆነ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» ሁለት ሰው ይሆኑብሻል። ከአሁኑ አንድ አጻጻፍ ወስኚና ለባልደረባሽም ንገሪያት፤ የሳቀችበትን ትክፈል። የማብቂያ ቀኑን ደግሞ ካርቶኑ ላይ እንዳለው በፈረንጆቹ መዝግቢ። እነዚህ የጠቀስኳቸው ዳታቤዞች ጳጉሜን አያውቋትም።

ለወንድምሽ እንግዲህ እንዲህ ብለሽ ላኪለት፦ «ወንድምዬ፣ ኤስኪውኤል ከዜሮ የሚያስጀምር፣ ለጀማሪ የሚሆን፣ ከኋላው መልስ ያለው የዳታቤዝ መለማመጃ መጽሐፍ ፈልግልኝ። በኤስኪውላይት የሚሠራ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከመግዛትህ በፊት የጥያቄዎቹን ገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።»