ሁለተኛው ጥያቄ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባለፈው ሰፈራችን ስብሰባ ነበር። ተመራጫችንን ስለ ውሃው ስንጠይቃቸው «ጥያቄያችሁን ለሚመለከተው አካል አድርሻለሁ» አሉን። አምናም ይህንኑ ነበር ያሉት። የተመራጭ ሥራ ማድረስ ብቻ ነው እንዴ?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አድርሻለሁ» የምትለዋን ቃል ሳነብ እጄ ትዝ አለኝ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለዓመታት የአንድ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት!

አይደለም፣ ማድረስ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር አላት። የከተማዋ ምክር ቤት አስፈጻሚውን የመቆጣጠር ሥልጣን አለው። ፌዴራል ላይም እንዲሁ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳይቀር ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። ከ547ቱ መቀመጫ የድሬ ሁለት ብቻ ቢሆንም፣ እነዚያ ሁለቱም ይህ ሥልጣን አላቸው።

ችግሩ ያለው ተመራጩ ራሱን በሚያይበት ዓይን ላይ ይመስለኛል። እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ራሳቸውን እንደ መልእክተኛ ነበር የሚያዩት። የሕዝቡን ጥያቄ ወደ ላይ ይወስዳሉ፣ የላዩን መልስ ወደ ታች ያመጣሉ፣ በቃ። ሪፖርት ሲቀርብ መጀመሪያ ምስጋና ይመጣል፣ ቀጥሎ «አንዳንድ ክፍተቶች እንዳሉ ሆነው» ይባላል፣ ከዚያ ሪፖርቱ ይጸድቃል። ሻይ ሰዓት ላይ አንዱን ለምን አልጠየቅክም ስለው «የራሴን ድርጅት መንግሥት እንዴት አፋጥጣለሁ?» አለኝ። ከልቡ ነበር። ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል። ድርጅት የሚል የለበትም። ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው አስተያየትም አይከሰስም። ይህ ከለላ የተሰጠው ደፍሮ እንዲጠይቅ እኮ ነው!

አንዲት ሴት ተመራጭ ግን አልረሳትም። መስመር ያለው የተማሪ ደብተር ነበራት። ኃላፊው ጥቅምት ላይ «የውሃ መስመሩ በየካቲት ይጠናቀቃል» ሲል ቀኑን ከነቃሉ ጻፈች። መጋቢት ላይ ተነሳች። «የካቲት አልፏል። ስንት ሜትር ቱቦ ቀረ?» አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኃላፊው ስለ በጀት መናገር ጀመረ። ጨርሶ እስኪቀመጥ ጠበቀችና ያንኑ ጥያቄ ደገመችው። ኃላፊው ቁጥሩን አያውቀውም ነበር።

ውሃው በማግስቱ አልመጣም። ግን በሚቀጥለው ጉባኤ ያ ኃላፊ ሜትሩን፣ የቀረውን ዕቃና አዲሱን ቀን በወረቀት ይዞ መጣ። እሷም ያንን ቀን ደብተሯ ላይ አሰፈረችው። ለእኔ ቁጥጥር ማለት ይህ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ይጠይቃል። ሁለተኛውን ለመጠየቅ ግን ማስታወስ ያስፈልጋል፣ መልሱ ካላጠገበህ አለመቀመጥ ያስፈልጋል።

ያለ መረጃ መጠየቅም ከባድ ነው፣ ይህንን አልክድም። ለዚህ ነው የኦዲት ሪፖርት ያለው። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። አንብቦ የሚመጣና ሳያነብ የሚመጣ ተመራጭ አፉን ሲከፍት ይለያል።

አንተም አቦ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ «ውሃው የት ደረሰ?» ብለህ አትተው። በየትኛው ቀን ጠየቁ? ማን መለሰልዎት? መቼ ያልቃል አለ? ያ ቀን ካለፈ በኋላስ ተመልሰው ጠየቁ? በለው። በአክብሮት፣ ግን መልሱን እስክታገኝ። ደብተር ይዘህ ሂድ፣ የነገሩህንም ቀን ጻፍ። ያሉህን ጻፍልኝ፣ እዚሁ አምድ ላይ እንቀጥላለን።